ሽንኩርቱ ምንም አልሆነም

አቶ ኤርሲዶ ከዳምቦያ ተነሥተው ሆሳዕና ልጃቸው ቤት የገቡት በጥቅምት ወር ነው፤ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ከዘራና አንድ ዶማ ይዘው። ርብቃ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ስትቀበላቸው ዶማውን አይታ ሳቀች። ከተማ ውስጥ ምን ሊሠራላቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሰው እጁን ቤት ትቶ አይሄድም አሏትና፣ ባጃጁ ውስጥ ዶማውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀመጡ።

ዳምቦያ ዳር ሦስት ጥማድ የሚጠጋ መሬት ነበራቸው። እንሰት፣ ስንዴ፣ ድንች፣ ከታች ደግሞ ጥቂት ባሕር ዛፍ። ከተማዋ ስትሰፋ መሬቱ በአዲሱ ፕላን ውስጥ ገባ። ጎረቤቶቻቸው ወራት ሙሉ ተመላልሰውና ተከራክረው ሌላ ቦታ ምትክ መሬት አገኙ። አቶ ኤርሲዶ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አተሙ። ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የሚችሉት የገበያ አማርኛ ነው፣ ማንበብም አይችሉም። ምትክ ሳይጠይቁ በካሳ ብቻ መስማማታቸውን የሚገልጽ ወረቀት መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው። ካሳውን የሚስታቸው ሕመም ጨረሰው፤ ሚስታቸውም አልተረፉም።

በዚያ ቀን ጠዋት፣ ከማተማቸው በፊት፣ ለርብቃ ደውለው ነበር። ርብቃ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህርት ናት። ስልኩ ሲጠራ ከፊቷ የፈተና ወረቀት ተከምሮ ነበር። ሰዎቹ ፈርም እያሉኝ ነው፣ መጥተሽ ብታነቢልኝ አሏት። ሳምንቱ እንደማይመቻት ነገረቻቸው። "ሁሉም ሰው የሚፈርመውን ይፈርሙ አባባ፤ የመንግሥት ነገር ነው" አለች። እሳቸውም እሺ ብለው ፈረሙ። ሁሉም ሰው ግን አልፈረመም ነበር።

ስለዚያ የስልክ ንግግር አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም።

የርብቃ ቤት ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ ሲሆን ጓሮው ሰፊ ቢሆንም ለምንም አይሆንም ነበር። ቦታው ረግረግ ስለነበረ ባለቤቷ ሆሴዕ ቤቱን ሲሠራ በገረጋንቲ አስሞልቶታል። አቶ ኤርሲዶ በመጡ በሦስተኛው ቀን ዶማቸውን ይዘው ወጡና መቆፈር ጀመሩ። ድንጋይ፣ የጡብ ስባሪ፣ ፌስታል። በማግሥቱም ቆፈሩ። ሆሴዕ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ከሥር የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ እንዳለ በትሕትና ነገራቸው። ዶማውን ግድግዳ ላይ አስደገፉት፤ ከዚያ ወዲያ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲሄዱ በር ላይ ወንበር አውጥተው ባጃጅ ሲያልፍ ማየት ሆነ ሥራቸው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ መዝሙሩ በሀድይኛ ነው፤ የእሳቸው ቋንቋ ከምባትኛ ስለሆነ ግማሹን ይሰሙታል፣ ግማሹን አይሰሙትም። በኅዳር መጨረሻ ቀን ቀን መተኛት ጀመሩ። በሕይወታቸው ቀን ተኝተው አያውቁም ነበር።

በዚያው ሰሞን ርብቃ ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ አትክልት ስለማልማት የሁለት ቀን ሥልጠና ወሰደች። ለአባቷ ብላ ጀመረችው ቢባል ውሸት አይሆንም፤ እውነቱ ግን ያ ብቻ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ላቦራቶሪ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት ናት። ጨውና ውሃ በእጇ ቀላቅላ አንድ ነገር ሲሆን ማየት ያምራት ነበር።

አራት ወፍራም የውሃ ቧንቧ ገዛች። ሆሴዕ በየስንዝሩ ክብ ቀዳዳ አወጣላት፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ትንሽ አዘንብለው ደረደሯቸው። ከላይ አንድ ትንሽ በርሜል፣ ከታች አንድ ባልዲ። ውሃው ከላይ ወርዶ በቧንቧዎቹ ውስጥ ያልፍና ባልዲው ላይ ያርፋል፤ ተመልሶ ወደ ላይ በእጅ ይገለበጣል። መብራት እንዲህ በሚጠፋበት ከተማ ሞተር ማሰብ ከንቱ ነው። የእርጎ ኩባያዎች በስታ፣ ለመንገድ ሥራ የሚደፉትን ቀዩን ቀላል ጠጠር አጥባ ሞላቻቸው፤ የሰላጣና የቆስጣ ችግኝ አስቀመጠችባቸው። ማዳበሪያው ከአዲስ አበባ በላኪ የመጣ ነጭ ዱቄት ነበር፤ በግራም እየመዘነች ትበጠብጠዋለች።

አቶ ኤርሲዶ ከወንበራቸው ሆነው ሁሉንም አዩ። ሥሩ የት እንደሚይዝ ጠየቋት። ውሃ ውስጥ ነው አለቻቸው።

"ውሃ ሂያጅ ነው" አሉ። "በሚሄድ ነገር ላይ ሰው አይተክልም።"

ይህን ይበሉ እንጂ ቀን መተኛታቸውን ተዉ። ጠዋት ጠዋት በቧንቧው ዙሪያ ሲዞሩ ይታያሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ የሰው ማሳ እንደሚያይ ሰው።

በጥር ወር ቅጠሉ ቢጫ ቢጫ አለ። ርብቃ የማዳበሪያው መጠን አንሶ እንደሆነ ገምታ ልታስተካክል ስታስብ፣ እሳቸው ቀድመዋት የራሳቸውን መድኃኒት አበጁ። ከጎረቤት የላም ፋንድያ ለምነው አመድ ጨመሩበት፤ በጨርቅ አጥልለው በርሜሉ ውስጥ ገለበጡት። በሦስተኛው ቀን ሥሩ ጠቁሮ ይሸት ጀመር። ርብቃ በርሜሉን ስትከፍት ከታች የረጋውን አየች። አልተቆጣችም። አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ፣ አፈር ውስጥ የሚጠቅም ነገር ውሃ ውስጥ ለምን እንደሚጎዳ፣ ለተማሪዎቿ ከምትነግረው በበለጠ ትዕግሥት አስረዳቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከእንግዲህ ሳይነግሯት ምንም እንደማይጨምሩ በእግዚአብሔር ስም ቃል ገቡላት።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ ጓሮው የሳቸው ሆነ ማለት ይቻላል። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ጄሪካኑን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ጠዋትና ማታ ባልዲውን አንሥተው ወደ ላይ የሚገለብጡትም እሳቸው ናቸው። ኩባያውን ቀስ ብለው ከቀዳዳው ያወጡና ሥሩን ያያሉ፤ ይመልሱታል። አንድ ቀን ርብቃን ጠሩና እንደ ክር ተንጠልጥሎ ውሃ የሚያንጠባጥብ ነጭ ሥር አሳዩዋት።

"ዕድሜ ልኬን ሳርስ ሥርን እንዲህ ነጭ ሆኖ አይቼው አላውቅም" አሉ። "እኛ የምናወጣው ከሞተ በኋላ ነው።"

አራተኛውን ቧንቧ ለራሳቸው ለመኗትና ሽንኩርት ተከሉበት። በመጋቢት ወር ሰላጣው ደረሰ። መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ከድጃ መጥታ አየችውና፣ ከገበያው ሰላጣ ይልቅ ንጹሕ ነው ብላ ደንበኛ ሆነች። አቶ ኤርሲዶ ሰላጣ በልተው አያውቁም፤ የፍየል ምግብ ነው ይሉታል። ግን ከድጃ ስትመጣ ቆርጠው የሚሰጧት እሳቸው ናቸው፤ ከውጭ የሸፈነውን ቅጠል አንሥተው ያራግፉና በሁለት እጃቸው ያቀብሏታል።

ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ። ርእሰ መምህሩ አቶ አክሊሉ ከበላይ የሚመጡ እንግዶች በሚያዝያ ጓሮውን እንዲጎበኙ አሰበ። ርብቃ በአራት ቧንቧ መታየት አልፈለገችም። ወደ አሥር ልታሳድገው ወሰነች፤ ለዚያ ደግሞ ትልቅ በርሜል ያስፈልጋት ነበር። ገበያ ውስጥ ያገለገለ ፕላስቲክ የሚሸጠው ሳዲቅ ጥሩ ሰማያዊ በርሜል አሳያት። ምን እንደነበረበት ጠየቀችው። ሳዲቅ አልዋሸም። የእርሻ መድኃኒት ይያዝበት እንደነበርና ደህና አድርጋ እንድታጥበው ነገራት። በኦሞ ሦስት ጊዜ አጠበችው፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ደፋችው፤ አሸተተችው፣ ምንም አይሸትም። ስድስት ቧንቧ ጨምራ በትንሹ በርሜል ቦታ አቆመችው። ለአባቷም ለባሏም ምን እንደነበረበት አልነገረቻቸውም። መደበቅ ብላ አይደለም። ለመናገር የሚያበቃ ነገር ሆኖ አልታያትም።

ጉብኝቱ ሐሙስ ነበር። ሰኞ ጠዋት የሰላጣው ቅጠል ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ። ማክሰኞ የቆስጣው አገዳ እንደተፈተለ ገመድ ዞሮ ተጣመመ። ረቡዕ ከሰዓት አቶ አክሊሉና የባዮሎጂ መምህርቷ ራሄል ዝግጅቱን ለማየት መጡ። ሁለቱም የሆሳዕና ልጆች ስለሆኑ ከርብቃ ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው። ርብቃ ቀለሟ ተለውጦ ቧንቧዎቹ ፊት ቆማ ነበር። አቶ አክሊሉ ሰዓቱን አየ። ራሄል ቅጠሉን ገልብጣ ትል ፈለገች።

አቶ ኤርሲዶ ከኋላ መጥተው ጎንበስ አሉ። አንዱን ቆስጣ በጣታቸው ይዘው አዞሩት። ከዚያ ወደ ሽንኩርታቸው ሄዱ፣ አንዱን ነቅለው አዩ፣ መልሰው ተከሉ። በከምባትኛ ተናገሩ፤ ርብቃ ብቻ ነበረች የሰማቻቸው።

"ይሄ የአረም መድኃኒት ነው። ሽንኩርቱን እይ፣ ምንም አልሆነም። ስንዴ ላይ ስንረጭም እንዲህ ነው፤ ስንዴውን ይተውና ሰናፍጩን ያጣምመዋል። ውሃው ውስጥ ቱፎርዲ አለ። በርሜሉን ከየት ነው ያመጣሽው?"

ርብቃ የሰማችው የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። በርሜሉ በሐሳቧ መጣ፤ የሳዲቅም ቃል መጣ። ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት አሰበችና ገፋችው። ራሄል፣ አባባ ምን አሉ ብላ ጠየቀቻት። አቶ አክሊሉም ይጠብቅ ነበር። ርብቃ ዞር ብላ አባቷን እንጂ እነሱን አላየችም፤ መልሱን ግን ለእነሱ በሚሰማ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ በምትናገርበት ድምፅ ተናገረችው።

"ምን ጨመርክበት? እንደ በፊቱ ነው አይደል? መሬትህን በገዛ ጣትህ ፈርመህ አጠፋህ፤ አሁን ደግሞ የኔን ልታጠፋ ነው የመጣኸው?"

በከምባትኛ ቢሆን ኖሮ አፏ እሺ አይላትም ነበር። በዚያ ቋንቋ አባትን እንዲህ ብሎ የሚጠራ ሰው አታውቅም። አማርኛው ግን ተዘጋጅቶ እንደቆየ ሁሉ እየተከታተለ ወጣ። የገበያ አማርኛ የሚችል ሰው እያንዳንዷን ቃል ሊረዳት የሚችል ንግግር ነበር።

አቶ ኤርሲዶ ቀና ብለው አዩዋት። ያን የስልክ ነገር ያኔ ቢያነሱት ሁሉም ነገር ሌላ በሆነ ነበር፤ ርብቃ ራሷ ቆይታ ስታስበው የጠበቀችው እሱን እንደነበረ ታውቃለች። አላነሱትም። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ለእንግዶቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጥተው ወደ ውስጥ ገቡ። አቶ አክሊሉ ለነገ የስልክ ፎቶዎችን ማሳየት እንደሚቻል ተናገረ።

ማታ ራት ቀርቦ በልተዋል። ሆሴዕ ከሥራ ሲገባ ምንም አልሰማም ነበርና ስለ ውሃ ወረፋ አጫወታቸው፤ መለሱለት። ርብቃ ሁለት ጊዜ ልትናገር አስባ፣ ጉብኝቱ ይለፍና ነገ እነግራቸዋለሁ አለች ለራሷ።

ሐሙስ ጠዋት አልጋቸው ተነጥፎ ነበር። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ፣ ስልካቸው በላዩ ላይ ተቀምጧል፤ ርብቃ ነበረች የገዛችላቸው። ከዘራውና ዶማው የሉም። ሆሴዕ መናኸሪያ ድረስ ሮጠ፤ የመጀመሪያው ሚኒባስ ወጥቷል። ጓሮው ውስጥ የሽንኩርቱ ቧንቧ ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ አፉ በጨርቅ ተወትፎ፣ ከጄሪካን ንጹሕ ውሃ ተደርጎበት ነበር።

እንግዶቹ በአራት ሰዓት መጡ። ርብቃ የጠመመውን አትክልት ነቅላ አስወግዳለች። ሽንኩርቱን አሳየቻቸው፤ የስልኳን ፎቶዎችም አሳየቻቸው፤ ሥርን ከነሕይወቱ ማየት ምን ያህል ለትምህርት እንደሚጠቅም አስረዳች። ሽንኩርቱን በጣም ወደዱት። አንዱ እንግዳ፣ ማን እንደተከለው ጠየቃት። ቤተሰቡ በጋራ ነው የተከልነው አለች። አጨበጨቡላት።

ቅዳሜ ዕለት ሁለት ጣሳ አስቀመጠችና በሁለቱም የባቄላ ችግኝ አደረገች። አንዱ ላይ የጄሪካን ውሃ፣ ሌላው ላይ ከሰማያዊው በርሜል የተቀዳ ውሃ። ለማወቅ አልነበረም፤ ታውቅ ነበር። በአራተኛው ቀን የበርሜሉ ባቄላ አንገቱ ወደ ኋላ ዞሮ ተቆለመመ። ርብቃ ከፊቱ ተቀምጣ ረጅም ጊዜ አየችው። በርሜሉን ቀዳድዳ ማንም እንዳይጠቀምበት አደረገችው። ለሆሴዕ የነገረችው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው፤ ያለችውን ቃል ሁሉ፣ የስልኩንም ነገር ጨምራ። ሆሴዕ ሰማት። ከዚያ፣ "መሄድ የነበረብሽ ዛሬ አይደለም፣ የዚያኑ ዕለት ነበር" አለ።

በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ሄደች። አንጋጫ ላይ መኪና ቀይራ ዳምቦያ ደረሰች። አጎቷ ሎዳሞ ቤት አባቷን አላገኘቻቸውም። ሎዳሞ እንድትቀመጥ አልጋበዛትም፤ ወንድሙ ሥራ እንደያዙ ነገራትና በእጁ ወደ ድሮው መሬት አመለከታት።

ሦስቱም ጥማድ በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር። ለባለ ሀብት ከተሰጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ድንጋይ አልተጣለበትም። እናቷ የተከሉት እንሰት፣ የሚፍቀው ሰው አጥቶ፣ ደርቆ ጎንበስ ያለው ቅጠሉ በቆርቆሮው ላይ ይታያል። አቶ ኤርሲዶ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የሰፋቸው ወታደራዊ ካፖርት ለብሰው። የበፊቱ ዘበኛ ሲለቅ እሳቸው ተተክተዋል።

ሲያዩዋት ተነሡ። በከምባትኛ ሰላም አለቻቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ በአማርኛ። "እርስዎስ ደህና ነዎት? ልጆች ደህና ናቸው?"

መጀመሪያ እየሸነቆጧት መሰላት። ፊታቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ቃሉን በጥንቃቄ እየመረጡ፣ አንድ የወረዳ ሰው እንደሚያናግሩ ነበር የሚናገሩት። ርብቃ በራሳቸው ቋንቋ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ በርሜሉን፣ ሳዲቅ ያላትን፣ ባቄላውን። ልክ እንደነበሩ፣ ያጠፋችው እሷ እንደሆነች ነገረቻቸው። እስኪያልቅ ሰሟት።

"የአረም መድኃኒት ከዕቃ አይለቅም" አሉ። "አርሶ አደር ሁሉ ያውቀዋል።"

"አባባ፣ ያኔ በስልክ ይፈርሙ ያልኩዎትም እኔ ነበርኩ።"

አቶ ኤርሲዶ ወደ መንገዱ ዞሩ። አንድ በሬ የሚነዳ ሰው አለፈ፤ ሰላም አሉት፣ እሱም ሰላም አላቸው። "የቆየ ነገር ነው" አሉ። "ይተዉት።"

ለምን በአማርኛ እንደሚያናግሯት ጠየቀቻቸው። ሥራ ላይ ነኝ አሏት። እንሰቱን ልየው ብላ ለመነቻቸው። ባለቤቱ ሰው እንዳያስገቡ ማዘዙን ተናገሩ፤ ቁልፉ ግን በገመድ አንገታቸው ላይ ነበር። ያመጣችላቸውን ብርድ ልብስ ተቀብለው አመሰገኗት። መኪና እንዳያመልጣትም አሳሰቧት፤ አሳስበውም አልቀሩ፣ ከዘራቸውን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኟት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሎዳሞ ቤት አገናኟቸው። ሆሴዕም ነበረ። ርብቃ ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀች። አቶ ኤርሲዶ እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው ይቅር ማለታቸውን ተናገሩ፤ ያኔ በከምባትኛ ነበር፣ ድምፃቸውም አልተንቀጠቀጠም። ተጸለየ፤ ሁሉም አሜን አለ። ከጸሎቱ በኋላ ሆሴዕ ወደ ሆሳዕና አብረዋቸው እንዲመለሱ ለመናቸው። እስኪ እናያለን አሉ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ በሰላም በማለቁ ተደስተው ተበተኑ።

አልመጡም። ርብቃ የምግብ ዘይት የነበረበት በርሜል ገዝታ ጓሮውን እንደገና አቆመች። አሥሩም ቧንቧ ሠራ። ሽንኩርቱ ደርሶ ተበላ፤ ከድጃ ሰላጣ ስለምታበዛ በእሱም ቦታ ሰላጣ ገባ። የትምህርት ቤቱ ክበብ በየሳምንቱ እየመጣ ይማርበታል። ባልዲውን ሆሴዕ ከሥራ በፊት ይገለብጣል፤ እሱ ሥሩን አያይም፣ ገልብጦ ይሄዳል።

ለመስቀል ርብቃና ሆሴዕ ልጆቻቸውን ይዘው ዳምቦያ ሄዱ። ቅቤና አዲስ ጋቢ ይዘዋል። ሎዳሞ በሩ ላይ ቆሞ ከኋላቸው ተመለከተ።

"ወንድሜስ? ለበዓሉ ይዛችሁት ትመጣላችሁ ብዬ ነበር" አለ።

መሬቱ በሰኔ ከባለ ሀብቱ ተነጥቆ ለሌላ ተሰጥቷል። አዲሱ ሰው የራሱን ዘበኛ አመጣ። አቶ ኤርሲዶ ካፖርቱን መልሰው አስረክበው፣ ልጄ ጋ እሄዳለሁ ብለው ዶማቸውን ይዘው ከሎዳሞ ቤት ወጥተዋል። ሎዳሞ ተቀይሟት ስለነበር አልደወለም፤ ርብቃም አፍራ ስለነበር አልደወለችም። ሦስት ወር ሙሉ አንዱ ቤት፣ ከሌላው ቤት አሉ ብሎ እያሰበ ኖሯል። ያን መስቀል ሥጋው ሳይቆረጥ ቀረ። ሆሴዕና ሎዳሞ ዱራሜን፣ አንጋጫን፣ የዘመድ ቤት ሁሉ ዞሩ።

ወሬያቸው የተገኘው በኅዳር ነው፤ ያመጣውም የከድጃ ወንድም ሪያድ ነው። ሪያድ በአይሱዙ መኪና በርበሬ ይነግዳል። አዲሎ አካባቢ ገነቴ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ መሬቷን በእኩል ድርሻ የሚያርሱላት አንድ ሽማግሌ በርበሬ ሲጭን አግዘውታል። ከዳምቦያ መሆናቸውንና ስማቸውን ሲነግሩት፣ እህቱ ቤት ይሰማው የነበረውን የአቶ ኤርሲዶን ነገር አስታወሰ። ከድጃን ይዞ ርብቃ ቤት መጣ። ሰላጣ የሚወሰድበት ቀን ስለነበር ርብቃ ቢላዋ ይዛ ጓሮ ውስጥ ነበረች።

ደህና ናቸው አላት። ከስተዋል እንጂ ጤነኛ ናቸው፤ በርበሬያቸው ከሁሉም የተሻለ ነው። ማደሪያ ሴትዮዋ ከጓሮዋ ጎጆ ሰጥታቸዋለች። መልእክት ካላቸው ሊያደርስ ጠይቋቸው ነበር፤ የለኝም አሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ብቻቸውን ሲያርሱ አይቶ አዝኖ፣ ልጆች የሉዎትም ወይ አላቸው።

"ምን አሉ?" አለች ርብቃ።

"'አሉኝ፣ የተማሩ ናቸው' አሉኝ።"

ሪያድ ይህን የነገራት ደስ ይላታል ብሎ ነበር።